ከሰላ፤ የባርነት ክልከላና የጠረፍ ዳኝነት

የባርያን ንግድ በዐዋጅ መከልከልና በሰው ቤት የሚኖረውን ባርያ ነፃ ማውጣት አንድ ነገር መስለው ይታዩ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በብዕርና በማኅተም ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ዳኛ፥ መዝገብ፥ ደመወዝና ማደሪያ ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ጐልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዱ ከኤርትራ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ያለው የከሰላ አውራጃ ነው። ከሰላ በስልሳ ዓመት ውስጥ የግብጽን፥ የድርቡሽን፥ የኢጣልያንና የእንግሊዝን አገዛዝ በየተራው አይታለች። በየጊዜውም ባርያውንና ጌታውን የሚዳኘው ማን እንደ ሆነ ተለዋውጧል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ በ1840 የግብጽ ጦር በጋሽ ወንዝ አጠገብ በሠፈረ ጊዜ ተቈረቈረች። ጋሽ የሚባለው በደጋው መረብ እየተባለ የሚወርደው ወንዝ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 ወደ ሱዳን ጦር የሰደደው ወርቅና ለወታደርነት የሚሆኑ ባሮች ለማግኘት ነበር። ስለዚህ በከሰላ ከሠፈሩት ጥቁር ወታደሮች ብዙዎቹ በምርኮ ወይም በግዢ የተገኙ ነበሩ። በ1865 እነዚሁ ወታደሮች ደመወዛቸው ስለ ዘገየባቸው ዐመፁ፤ ዐመፁም በብዙ ደም ታፈነ። ባርነትን ይከለክላል ተብሎ የሚጠበቀው መንግሥት ራሱ ትልቅ ባለባርያ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች አገር የተዘዋወረው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከርም፥ በገላባት ከኢትዮጵያ የመጡ ልጃገረዶች ለሽያጭ ቀርበው እንዳያቸው ጽፏል።

በ1877 የእንግሊዝና የግብጽ መንግሥታት የባርያን ንግድ የሚከለክል ውል ተዋዋሉ። የነጋዴዎቹ ሥራ ወዲያው ተከለከለ። አንድ ቤተ ሰብ ለሌላ ቤተ ሰብ የሚያደርገው ሽያጭ ግን በግብጽ የ7 ዓመት፥ በሱዳን የ12 ዓመት ጊዜ ተሰጠው። እንግዲህ የከሰላ ባለባርያ እስከ 1889 ድረስ ባርያውን ለጎረቤቱ ቢሸጥ ውሉን እንደ ተላለፈ አይቈጠርም ነበር። ባርያ አድርጎ መያዙን ግን ውሉ ጨርሶ አልነካውም።

የ1884 ዓመት የዚህን ሕግ ድካም ገልጦ አሳየ። ጄኔራል ጎርደን በእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ፥ በግብጽ ስም የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ በፌብሩዋሪ ወር ካርቱም ገባ። የማሕዲን ዐመፅ ለማብረድ ሲል በ1889 ይጸናል የተባለው ክልከላ እንደማይሠራና ባለባሮች በባሮቻቸው አገልግሎት መጠቀም እንደሚችሉ ዐወጀ። አራት ወር ሳይሞላ፥ ጁን 3 ቀን፥ የዚያው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ አድሚራል ሂዌት ዐድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋራ ባርያ መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ውል ተፈራረመ። በዚያው ዕለት በተፈረመው ሌላ ውል ንጉሠ ነገሥቱ በከሰላ፥ በዐሚዴብና በሰንሒት የነበሩት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። ስለዚህ በአንድ መንግሥት መልእክተኞች እጅ በካርቱም የተፈቀደው ነገር በዐድዋ ተከለከለ።

ከሰላ በጁላይ 1885 በድርቡሾች እጅ ወደቀች። ራስ አሉላ በሴፕቴምበር ኩፊት ላይ ዑስማን ዲግናን ድል ቢያደርጉም ከተማይቱ በያዟት እጅ ቀረች። የ1889 ቀነ ገደብ በደረሰ ጊዜም ውሉን የሚያስፈጽም ዳኛ በዚያ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ሁኔታ ለሕግ ዐዋቂዎች ይበልጥ አስገራሚ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 1891 ኢጣልያና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል፥ ኢጣልያ ለጦር ሥራ ካስፈለጋት ከሰላን እንድትይዝ ተፈቀደላት። የግብጽ መብት ግን ታግዶ ይቆያል እንጂ አይሻርም ተባለ። ጄኔራል ባራቲየሪ በጁላይ 17 ቀን 1894 ከተማይቱን ያዘ፤ በዲሴምበር 25 ቀን 1897 ደግሞ ኢጣልያ መልሳ ለግብጽ ጦር አስረከበች። በእነዚያ ዓመታት ከሰላ በባለቤትነት የአንዱ፥ በይዞታ የሌላው ነበረች።

በ1899 ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አስተዳደር ሥር ስትሆን፥ የስምምነቱ 11ኛ አንቀጽ ባርያ ወደ ሱዳን ማስገባትንም ሆነ ከሱዳን ማስወጣትን ፈጽሞ ከለከለ። 8ኛው አንቀጽ በግብጽ የነበሩት የድብልቅ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ከሰዋኪን በቀር በሱዳን እንዳይሠራ አደረገ፤ 10ኛው ደግሞ የውጭ ቆንሲሎች ያለ እንግሊዝ መንግሥት ፈቃድ እንዳይቀመጡ ወሰነ። ስለዚህ የውጭ ፍርድ ቤቶችና ቆንሲሎች በሱዳን ጉዳይ የሚገቡበት መንገድ ጠበበ። 

ነገር ግን የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ ኪችነር ለአውራጃ ሹማምንት የላከው መመሪያ ነገሩን በከፊል አቆመው። መመሪያው ባርነት በሱዳን እንደማይታወቅ ገለጠ፤ ሆኖም አገልጋይ ጌታውን በፈቃዱ እስካገለገለ ድረስ በሁለቱ መካከል መግባት እንደማያስፈልግ ጨመረበት። ፈቃዱ በምን ይታወቃል? ማንስ ይጠይቀዋል? መልሱ በየአውራጃው ሹም ልቡና ላይ ተጣለ። ብዙዎቹ ሹማምንት እርሻ እንዳይጠፋ፥ ባለመሬቶች እንዳያምፁ፥ ሥራ ፈት ሕዝብም ከተማውን እንዳያጨናንቅ ይሰጉ ነበር። ስለዚህ ከጌታው የኰበለለው ሰው አንዳንድ ጊዜ የነፃነት ወረቀት ሲሰጠው፥ ሌላ ጊዜ ታርቀህ ተመለስ ይባል ነበር። የሴቶች ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ሆነ፤ ጌታው ሚስቴ ናት ሲል ነገሩ የትዳርና የልጆች ክርክር ሆኖ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበርና።

ይህ አሠራር ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። በበርበር አውራጃ የእርሻ መርማሪ የነበረው ሜጀር ዲግል የኰበለሉትን ወደ ጌቶቻቸው አልመልስም ብሎ ተከራከረ፤ አቤቱታውም ከሱዳን ወጥቶ በለንደን ተሰማ። በ1925 የሱዳን መንግሥት አዲስ መመሪያ አወጣ። በዚህም ከ1898 በኋላ የተወለደ ሰው ሁሉ በሕግ ነፃ እንደ ሆነ፥ ሌላውም ጌታውን ለመተው ቢፈልግ የሚያስገድደው እንደሌለ አስታወቀ።

መመሪያው በወጣበት ጊዜ በከሰላ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1924 ከሰላ ደረሰ፤ በ1929 ደግሞ በገዳሪፍ አልፎ ሰናር ገባ። በጋሽ ጎርፍ የሚለማው የጥጥ እርሻም በ1920ዎቹ ዓመታት ተስፋፋ። ሐዲድ ዘርጊና ጥጥ ለቃሚ በገንዘብ መቀጠር ጀመረ። ጌታውን የተወ ሰው የሚበላውን የሚያገኝበት ሥራ ሲኖር ነው ወረቀቱ ዋጋ ያገኘው። ነፃነት እርሻን ያጠፋል ብለው ይፈሩ የነበሩት ሹማምንት፥ እርሻው በተቀጣሪ ሲሠራ በዐይናቸው አዩ።

ጠረፉ ግን የራሱ ችግር ነበረው። በሜይ 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ወሰኑ ሲለይ፥ ገላባት በሱዳን፥ መተማ በኢትዮጵያ ሆኑ። ድንበሩን በሌሊት የተሻገረ ሰው ባንዱ በኩል ባርያ፥ በሌላው በኩል ስደተኛ ነበር። ከከሰላ ርቆ በስተ ደቡብ፥ በቤኒ ሻንጉል በኩል፥ ነገሩ ከዚህ የከፋ ሆነ። በዚያ ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን በኢትዮጵያ ግዛት ሲኖሩ፥ ሚስታቸው ሲት አምና ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ተቀምጠው ባሮች በእጃቸው ያልፉ ነበር። የሱዳን መንግሥት በ1928 ሲት አምናን ያዘ፤ ባልየው ግን ከዳኝነቱ ውጭ ነበሩ። እንግዲህ የሕግ እጅ የሚደርሰው እስከ ድንበሩ ምልክት ድረስ ብቻ ነበር።

ይህን ክፍተት መዝጋት የሚችለው ከወሰኑ ወዲህ ያለው መንግሥት በገዛ ሕጉ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመትና በኋላም በ1923 ዓ.ም. ባሮች በየጊዜው ነፃ የሚወጡበትን ሕግ ዐወጀች። በ1935 ግን ፋሽስት ኢጣልያ የባርነትን ነገር ለወረራዋ ምክንያት አደረገችው። ባርነትን አጠፋለሁ ብላ የመጣችው መንግሥት በመርዝ ጋዝና በግፍ ሕዝብ መፍጀቷ አይረሳም። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፥ በነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ በኢትዮጵያ ባርነት ሕጋዊ መሠረቱን ፈጽሞ አጣ። ከዚያ ወዲያ ከገላባትም ከመተማም ወገን ለባለባርያ የሚፈርድ ሕግ አልነበረም።

ከባሕር ማዶም የሚነጻጸር ነገር አለ። በጅዳ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ወደ ቤቱ የሸሹትን ባሮች ነፃ እያወጣ ወደ አገራቸው ይልክ ነበር። ይህን መብት በ1936 ተወ፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ባርነት የተሻረው ግን በ1962 ነው። በቆንሲሉ ግቢ ግንብ ውስጥ ነፃነት ነበረ፤ ከግንቡ ውጭ ግን አገሩ የራሱ ሕግ ነበረው።

የከሰላ ታሪክ ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም አንድ ነገር ያስረዳል። የ1877ቱ፥ የ1884ቱና የ1899ኙ ውሎች ሁሉ በመልካም ቃል የተጻፉ ነበሩ። ነገር ግን የተበደለው ሰው የሚከስስበትን ችሎት፥ የሚይዘውን ወረቀትና የሚያድርበትን ደመወዝ ያላገኘበት ውል ለእርሱ የሩቅ ወሬ ነበር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በጐደለ ጊዜ፥ ነፃ የተባለው ሰው በምሽት ወደ ቀድሞ ጌታው በር ይመለስ ነበር።