በጋይንት መንገድ ሁለቴ የሚከፈል ካሳ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ፣ ከዚያም በንፋስ መውጫ አድርጎ ጨጨሆን ተሻግሮ ወልድያ የሚወርደው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። የምሥራቁ ደቡብ ጎንደር ንግድ በአመዛኙ የተንጠለጠለው በዚህ መንገድና ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ወገዳና ወደ አርብ ገበያ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ነው። የላይ ጋይንት ድንችና ገብስ፣ የእስቴ ጤፍ፣ የስማዳ ቆላ ማሽላና ፍየል በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል። ጨው፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ በዚያው አይሱዙ ተመልሶ ይገባል። ሕዝቡ ይህችን መኪና “አልቃይዳ” ብሎ የሰየማት ግን ስለምትጭነው እህል አይደለም። በጉና ሥር ጉም በሚወርድበት ሰዓት ቁልቁለቱን እንዴት እንደምትወርድ ያየ ሰው የስሙን ምክንያት አይጠይቅም።

አደጋ ሲደርስ የሚሆነው ነገር በአካባቢው የታወቀ ሥርዓት አለው። ሾፌሩ ከተረፈ የሟችን ዘመዶች ፈርቶ ቅርብ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ባለመኪናው ካለበት ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ውሎ ሳያድር ሽማግሌ ይልካል። ካህናትም መስቀል ይዘው ይገባሉ። ለቀብርና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል፣ በመጨረሻም ወረቀት ይጻፋል።

ሥርዓቱ የሚናቅ አይደለም። ደም በሚመለስበት አገር ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወጣ ያደረገ፣ ባለመኪናውንም በዚያ መንገድ ዳግመኛ ለማለፍ ያበቃው ይኸው ሽምግልና ነው። ችግሩ የሚመጣው የሽማግሌው ወረቀት ተጣጥፎ ኢንሹራንስ ኩባንያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።

በሞተር ኢንሹራንስ ፖሊሲዎች ውስጥ፣ ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድ መድን ገቢው ጥፋቱን እንዳያምን፣ ካሳ እንዳይከፍል ወይም ለመክፈል ቃል እንዳይገባ የሚከለክል ሁኔታ የተለመደ ነው። በደቃቅ ፊደል ስለሚታተም አረቦኑን የሚከፍለው ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም። ስለዚህ ከኪሱ አውጥቶ ደም ያደረቀ ባለመኪና “የከፈልኩትን ተኩልኝ” ብሎ ሲቀርብ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ ሳታስፈቅድ የከፈልከው ያንተ ነው ይባላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ወረቀቱ ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለ በግልጽ ሳይናገር የቀረ እንደሆነ ነው። የሟች ወገን ጠበቃ ይዞ “የተቀበልነው ለቀብር ማስፈጸሚያ እንጂ ለካሳ አይደለም” ሲል፣ ባለመኪናው አንዱን ሕይወት ሁለት ጊዜ ወደመክፈል ይገባል።

ለሟች ሚስትም ቢሆን ወረቀቱ ሁልጊዜ አይበጅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በተዋዋዮች መካከል የተደረገን የእርቅ ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ካሳውን ጨርሶ የሚዘጋ ቃል ባለበት ወረቀት ላይ ጣቷን ያሳረፈች ሴት፣ ኩባንያው ሊከፍላት ይችል የነበረውን ገንዘብ ሳታውቀው ትታለች ማለት ነው። የወንጀሉ ጉዳይ ግን በእርቅ አይዘጋም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ተላልፎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌር ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። እርቁ ቅጣት ያቀልለት እንደሆነ እንጂ ክሱን አያስቀርለትም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሀብት የሚሳሳትበት ነገር አለ። “መኪናዬ ኢንሹራንስ አላት” የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ኩባንያው ሁሉን እንደሚሸፍን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለንብረቱ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ካልሆነ በቀር “እኔ አላጠፋሁም” ማለት አያድነውም። ለዚህ ኃላፊነት ሕጉ ጣሪያ አላበጀለትም፤ ካሳው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። ጣሪያ ያለው ለኩባንያው ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559 በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በ2005ቱ አዋጅ ኩባንያው ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። ፍርድ ቤት ለሟች ሚስትና ልጆች 300,000 ብር ወስኗል እንበል። በዚያ ጣሪያ ኩባንያው 40,000 ብር ከፍሎ ፋይሉን ሲዘጋ የቀረው 260,000 ብር ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል። እሱም ካልተገኘ አይሱዙዋ በአፈጻጸም ትሸጣለች። ስለዚህ ዛሬ መኪና የሚያሠማራ ሰው ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን የሽፋን መጠን አይቶ፣ ከሚነዳበት መንገድና ከሚጭነው ጭነት ጋር አስተያይቶ፣ ከግዴታው በላይ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት አለመግዛቱን ቢያስብበት ያዋጣዋል። ተጨማሪው አረቦን ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እንኳ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም።

ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውስ? ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ብሎ የገደበው በዚያው ቀርቷል። በዛሬ ገበያ ዶሮ ከነቅመሟ የማይወጣበት ገንዘብ ነው።

በገጠሩ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት እግሩ የተሰበረ ገበሬ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው አጥንቱን ይመልሳል፣ በቀርቀሃ ያስራል፣ ብዙ ጊዜም ይቀናዋል። ደረሰኝ ግን አይሰጥም። ኩባንያው የሚጠይቀው የፖሊስ ሪፖርት፣ አደጋው በደረሰበት ሰሞን የተጻፈ የሕክምና ማስረጃና ከሐኪሞች ቦርድ የተሰጠ የአካል ጉዳት መቶኛ ነው። ለቦርዱ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ድረስ መሄድ ግድ ይላል። ከሦስት ወር በኋላ እያነከሰ የሚቀርብ ሰው “ይህ ጉዳት ከመኪናው ነው ወይስ ከወጌሻው?” የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። በሆስፒታል የታከመም ከዚህ አያመልጥም። አጥንቱ ያለአግባብ ከገጠመ ኩባንያው የባሰውን ጉዳት ወደ ሐኪሙ ያሻግረዋል። ሕጉ የሙያ ጥፋትን ለይቶ የሚያይ ሲሆን፣ በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋሙ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ኃላፊ ይሆናል። አንድ ስብራት ሁለት ተከሳሽ ያለው ክስ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ተከሳሽ ደግሞ ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ጊዜም ለተጎጂው አያደላም። የካሳ ክስ ይርጋው በመሠረቱ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል። ከኢንሹራንስ ውሉ የሚመነጨው ጥያቄም በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት 2 ዓመት ነው። “ሰነዱን አሟሉ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እየጠበቅን ነው” እየተባለ የሚያልፈው ወር ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። ባለመኪናውም ቢሆን አደጋውን ለኩባንያው የሚያሳውቅበት ጊዜ በፖሊሲው ላይ በቀናት የተወሰነ ነው። ሽማግሌ ሲያመላልስ ቀኑ ካለፈ ኩባንያው እምቢ የሚልበት ሌላ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

በገበያ ቀን የሚታየው ነገር ደግሞ ለኩባንያዎች ጠበቆች ሥራ ያቀልላቸዋል። ከአርብ ገበያ ስትመለስ አይሱዙዋ ከጆንያው በላይ ሰው ትጭናለች። ባለመኪናው ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ሒሳቡ የሾፌሩና የረዳቱ ነው። የጭነት መኪና ፖሊሲ አጠቃቀሙን በጭነት ስለሚወስን ኩባንያው ይህን ይዞ ይከራከራል። አንቀጽ 2081 ግን ባለንብረቱን እንደያዘ ይቆያል። ረዳቱ ራሱ ከተጎዳ ሠራተኛ እንጂ ሦስተኛ ወገን ስላልሆነ የሠራተኛ ጉዳት ሽፋን ለብቻው ያስፈልገዋል።

ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ከተያዘች ወዲህ በዚህ መስመር የሚያሠማሩ ነጋዴዎች ሌላም ሐረግ ለምደዋል። የተለመደው ፖሊሲ በጦርነትና በሕዝባዊ ሁከት የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ሽፋኑ ቢፈለግ ለብቻው ተጠይቆ፣ ለብቻው አረቦን ተከፍሎበት ነው።

ገጭቶ ባመለጠ ወይም ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱ የሚከፍለው ለተጎጂው ነው። ኢንሹራንስ ሳይገባ ያሠማራ ባለመኪና ቢታወቅ የተከፈለው ገንዘብ ከእሱ ይጠየቃል።

ደላሎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር ይቀራል። በደብረ ታቦርና በወረታ ገበያ አይሱዙ በውክልና ሲሸጥ፣ ስመ ንብረቱ ሳይዞር ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ የተለመደ ነው። የስም ማዞሪያው ወጪ ለጊዜው ይቀራል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። መኪናዋ ወገዳ ቁልቁለት ላይ ሰው ስትገጭ ግን ከሳሽ መጀመሪያ የሚያነበው ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ስም ነው። መጥሪያው የሚደርሰው መኪናውን ከሁለት ዓመት በፊት ሸጦ ለረሳው ሰው ነው። ፖሊሲውም ብዙ ጊዜ የታደሰው በእሱ ስም ነው።