አጋዥ መሣሪያዎችና የዓይነ ስውራን ተማሪዎች ትምህርት፤ ከአቃቂ ቃሊቲ አኳያ ሲታይ

መግቢያ

ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ ማለት እያንዳንዱ ተማሪ ፊደል የሚለይበት፣ የሚጽፍበትና ከቤቱ ተነሥቶ ከትምህርት ቤቱ የሚደርስበት መንገድ ይኑረው ማለት ነው። ለሚያይ ልጅ ደብተርና እርሳስ ከተገኘ ጉዳዩ በአብዛኛው ይሳካል። ለማያይ ወይም አጥርቶ ለማያይ ልጅ ግን በመምህሩና በእርሱ መካከል አንድ አጋዥ መሣሪያ መግባት ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩና የትኛው ለየትኛው ተማሪ እንደሚስማማ ማብራራት ነው።

ለአብነት የተወሰደው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የበዙበት፣ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍበትና ከባድ መኪና የሚመላለስበት አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለው ሥፍራ የመሣሪያ ጉዳይ የትምህርት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ይሆናል።

የችግሩ ስፋት

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ የማየት አቅም ያለው መሆኑን አመልክቷል። ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ግማሽ ያህሉን የሚይዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ የሚያስከትለው ጠባሳ 11.5 በመቶውን ይይዛል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በመጠኑ የሚያዩት ፈጽሞ ከማያዩት ከእጥፍ በላይ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ተግባር ተማሪው ምን ያህል እንደሚያይ በሐኪም እንዲመረመር ማድረግ ነው። የማየት አቅም የቀረለትን ልጅ በብሬይል ብቻ እንዲማር ማድረግ ያለውን ጸጋ መንሣት ነው፤ የማያየውንም ከሰሌዳው ፊት አስቀምጦ ማዋል እንዲሁ ጊዜውን ማባከን ነው።

ሀ. በመጠኑ ለሚያዩ ተማሪዎች

ለእነዚህ ተማሪዎች የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ውድ አይደለም። ተስማሚ መነጽር፣ አጉሊ መስተዋት፣ በትልልቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍ፣ መስመሩ ደመቅ ያለ ደብተር እንዲሁም ከሰሌዳው አጠገብና ብርሃን ከጀርባ በሚመጣበት በኩል የሚሰጥ መቀመጫ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ቢያነብ ደግሞ ያለ አንዳች ወጪ ሁሉንም ይረዳል።

ለ. ብሬይል

ከጥንት ጀምሮ በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማና ቅኔ በቃል ስለሚጠኑ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ሲፈሩ ኖረዋል። በቃል መማር ግን በራስ እጅ መጻፍን አይተካም። ይህን ክፍተት የሞላው እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ የተወለደው ሉዊ ብሬይል ነው። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ ዓይኑን የተወጋው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1829 በጣት የሚዳሰስ የጽሕፈት ዘዴ አሳተመ። መሠረቱ ስድስት ነጥቦች ሲሆኑ፣ በልዩ ልዩ አቀማመጥ 63 ምልክቶች ይወጡባቸዋል።

በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ በኅትመት አንድ ምልክት የሆነው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል። በዚህም የተነሣ አንድ መጠነኛ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ብሬይል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይሆናል።

ለመጻፍ ርካሹ መሣሪያ ስሌትና ስታይለስ ነው። ወረቀቱ በቀዳዳማው ስሌት መካከል ይያዛል፤ ተማሪው በስታይለሱ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፍና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ የዋለው የፐርኪንስ መኪና ግን በአንድ ምት የፊደሉን ነጥቦች ሁሉ ስለሚያትም ፈጣን ነው፤ ችግሩ ክብደቱና ዋጋው ነው። ለሒሳብ ትምህርት አባከስ ያገለግላል።

ሐ. ነጭ በትር

የነጭ በትር አያያዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ የአሜሪካ ወታደሮች ሥልጠና ተሻሽሎ የወጣ ነው። በትሩ ከመሬት እስከ ደረት ይደርሳል። ተጓዡ ቀኝ እግሩን ሲያነሣ የበትሩ ጫፍ በግራ በኩል ይነካል፤ ግራውን ሲያነሣ በቀኝ። እንዲህ ሲሆን የሚቀጥለው እርምጃ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይፈተሻል። ይሁን እንጂ በትሩ ከወገብ በላይ ያለውን አይነግርም። በእግረኛ መንገድ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና የወጣ ብረት ወይም ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ማስታወቂያ ፊትን ይመታል። ስለዚህ ሥልጠናው በትምህርት ቤት ግቢ ብቻ ሳይሆን ተማሪው በየቀኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ መሰጠት አለበት።

መ. የሚናገር ኮምፒዩተርና ስልክ

ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ በሁለት ዓይነ ስውራን የተጀመረው ኤንቪዲኤ በነጻ ይገኛል። ለአማርኛ ግን ሦስት መሰናክሎች አሉ። አንደኛ፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተተየበው ጽሑፍ ለማሽኑ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተላከ ማስታወሻ ወደ ጽሑፍ ካልተለወጠ ለማሽኑ ምስል እንጂ ፊደል አይደለም። ሦስተኛ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ «አለ» ወይም «ገና» የሚለውን ቃል ካነበበ በኋላ የትኛውን ትርጉም እንደያዘ አድማጩ ከዐረፍተ ነገሩ ማውጣት አለበት።

ከሁሉ በላይ፣ ሰምቶ ብቻ የተማረ ልጅ የቃላትን አጻጻፍ፣ የሥርዓተ ነጥብን አገባብና የአንቀጽን አከፋፈል በእጁ ሳይነካ ያድጋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ፈተና ቢያልፍ እንኳ መጻፍ አልቻለም። ስለዚህ ድምፅ የብሬይል ረዳት እንጂ ምትኩ ሊሆን አይገባም።

ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የሰበታውን የመሰሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ምሁራንን አፍርተዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ ማባዛትን የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ተቀብላለች። ሕጉ ግን ከክፍል የሚገባው በመሣሪያና በመምህር አማካይነት ነው።

በቅደም ተከተል ሲታይ ምርመራና የመቀመጫ ለውጥ ይቅደሙ፤ ስሌት፣ ስታይለስና በትር ይከተሉ፤ ኮምፒዩተር በዚያ ላይ ይታከል። ስሌትና ስታይለስ ውስብስብነት የሌላቸው ዕቃዎች በመሆናቸው፣ ብረታ ብረት በሚቀጠቀጥበት በአቃቂ አካባቢ ሊሠሩ የማይችሉበት ምክንያት የለም። መምህራን ማስታወሻቸውን በዩኒኮድ ተይበው ቢሰጡም ተጨማሪ ወጪ የለውም። ከእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች አንዱ ሲጎድል ግን፣ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ተማሪ መሆኑ ቀርቶ አድማጭ ብቻ ይሆናል።