ሶሲዮሎጂ ተምሮ የት ይደረሳል?

«ሶሲዮሎጂ ተምሮ የት ይደረሳል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች አፍ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሕክምና የተማረ ያክማል፤ ምሕንድስና የተማረ ድልድይ ይሠራል፤ የሰውን አኗኗር ያጠናስ ምን ይሠራል? መልሱን ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከዋግ ደጋም መፈለግ ይገባል እንላለን።

ትምህርቱ በዓለም ገና ወጣት ነው። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ሲሆን፣ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1830ዎቹ ነበር። ኤሚል ዱርኬም በቦርዶ ማስተማር የጀመረው በ1887፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ክፍሉን ያቋቋመው በ1892 ነው።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች የሕዝቡን ባህል የሚያጠና ማኅበር አቁመው፣ የየተወለዱበትን አገር ልማድ እየጻፉ በመጽሔት ያወጡ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ተደረገ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ያጠናውን «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ አሳተመ።

ዕውቀቱ በግቢው ሲያድግ ግን ወሎ ይራብ ነበር፤ ዋግም ያን ጊዜ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እንደ ጻፉት፣ በ1958 ዓ.ም. የወረ ኢሉ ረሃብ ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ከዚያም የወሎ ሹማምንት የተጠየቁት የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ነበር። ወረቀቱ ደንቡን ጠብቆ ሄዷል፤ ሰው ግን ሞቷል።

ሶሲዮሎጂ የሚያስተምረው ሌላ አጠያየቅ ነው። ረሃብ በሞት አይጀምርምና። መጀመሪያ ፍየሉና በጉ በብዛት ለገበያ ይወጣል፤ የከብት ዋጋ ሲወርድ የእህል ይወደዳል፤ ቀጥሎ የእርሻው በሬ ይሸጣል፤ ጎልማሳው ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል፤ ማኅበሩና ዝክሩ ይታጎላል፤ ሠርጉም ለከርሞ ይባላል። ይህን የሚያይ ሹም የሙታን ዝርዝር ሳይጠብቅ ያውቃል። ለማየት ግን ሰቆጣ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አይበቃም፤ ገበያ መውጣት፣ ከእናቶች ጋር መነጋገር፣ ኽምጣና የሚናገረውንም ገበሬ በቋንቋው መስማት ያስፈልጋል።

በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን ችግር በፎቶግራፍ ይዘው ሲመለሱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ዋግ እንደገና በብርቱ ተራበ። አንድ ጊዜ አይቶ መመለስ እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። የዛሬይቱ የዋግ ኽምራ መዲና ስሟን ያበደረችው ለከባድ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሕፃኑን ይመዝናል፤ ነገር ግን በቤቱ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ እንቁላሉ ለምን ለገበያ እንደሚወጣ፣ እናቲቱ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ ጠይቆ የሚረዳ ሰውም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሶሲዮሎጂ ተምሮ የት ይደረሳል ለሚለን ወጣት መልሳችን አጭር ነው፤ ሰቆጣ ይደረሳል። ደርሶ ግን ከመጻፍ በፊት መጠየቅ፣ ከመጠየቅም በፊት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይገባል።