ካርድ አልባው ዱቤ

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሚሠራ ሰው ኪስ ካርድ አይጠፋም። ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ አብዛኛው ሠራተኛ ኤቲኤም ካርድ አውጥቷል። ያ ካርድ ግን የሚያወጣው የባለቤቱን የራሱን ብር ነው፤ ሒሳቡ ሲያልቅ ካርዱም ያበቃለታል። አሁን ገዝተው በወሩ መጨረሻ የሚከፍሉበት ክሬዲት ካርድ በአገራችን ሥር አልሰደደም። ቦታውን የያዘው ስልክ ነው።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብር መላኪያና መክፈያ ነበር። በ2014 ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ አገልግሎቶችን ጨመረበት። መላ አነስተኛ ብድር፣ ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። ወደ ክሬዲት ካርዱ የሚጠጋው እንደኪሴ ነው፤ ሲከፍሉ የጎደለውን ይሞላል፣ በኋላ ከነአገልግሎት ክፍያው ይመለሳል። ንግድ ባንክም ቆይቶ በዚያው ቴሌብር ላይ እንደራስ የሚል ብድር ይዞ መጣ።

ዋስ አይጠየቅ፣ ካርታ አይያዝ፤ ታዲያ ቴሌብር ለማን መስጠት እንዳለበት በምን ያውቃል? የመልካ ጀብዱ ባለሱቅ ለአዲስ ተከራይ ዘይት በዱቤ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ጊዜ እንደሚያጠናው ሁሉ ቴሌብርም ያጠናል። ባለሱቁ ግን ሰውየውን ያያል፤ ቴሌብር የሚያየው በሒሳቡ የገባውንና የወጣውን የመሰለ መዝገብ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በደመወዝ ቀን ብሩ እንደገባ ሙልጭ ተደርጎ ይወጣል። የቤት ኪራዩ፣ ምሳው፣ ባጃጁ ሁሉ በጥሬ ብር ይከፈላል፤ ቴሌብር የሚከፈተው የአየር ሰዓት ለመሙላት ሲፈለግ ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ታማኝነቱን የሚያሳይ ነገር የለም። ኪራዩን እንኳ በቴሌብር መላክ ቢጀምር በየወሩ አንድ መስመር ይጻፍለታል። መጀመሪያ የሚፈቀደው ብር ትንሽ ነው፤ ንቆ መተው ግን አያዋጣም። እሱን ወስዶ ከቀኑ በፊት የመለሰ ሰው ቀጥሎ ሲጠይቅ የሚታይለት ነገር ይኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ስንቱ በወንድሙ ወይም አብሮ አደጉ ባወጣለት ቁጥር ነው የሚጠቀመው! ክፍያውን ያካሄደው እሱ ቢሆንም ታሪኩ የሚመዘገበው ለባለሲሙ ነው። የስም አጻጻፉም ጣጣ አለው። አንዱ ሰነድ ላይ «መሐመድ»፣ ሌላው ላይ «ሙሐመድ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ድሬ ላይ ሞልቷል፤ የአያት ስም ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። የፋይዳ መታወቂያ ከወጣ በኋላ የባንኩን፣ የሲሙንና የፋብሪካውን የደመወዝ ዝርዝር ከእሱ ጋር ማስተካከል ቀዳሚው ሥራ ነው።

ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት ማሽን ለመግዛት የሚበቃ ብር ሲፈለግ ወደ ባንክ መሄድ የግድ ይሆናል። እዚያ የቅጥር ውልና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠየቃል። በሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ስለሚደርስ እሱ ሳያልቅ ማመልከት ድካም ነው። ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ለምሳሌ አንዲት የስፌት ሠራተኛ በወር 6,000 ብር ብታገኝ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቆረጣል። በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር 700 ብር ትከፍላለች። እጇ ላይ የሚደርሰው 4,880 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወሩ ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የእሷ ሲሶ 2,000 ብር ነው። ያን ሁሉ ለብድር ብትሰጥ ወሩን በ2,880 ብር ልትገፋ ነው፤ እኔ ብሆን አልፈርምም። ትንሽ መጠየቅ የመፈቀድ ዕድልንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይሰጣል።

ዋስ ከተጠየቀ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ፓርክ ውስጥ ሰው በሰርቪስ ወንበር ተዋውቆ ዋስ ይባባላል። ተበዳሪው ሥራ ለቆ ቢጠፋ ዕዳው የሚመጣው ዋሱ ላይ ነው። ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት የአመልካቹን ታሪክ ያያሉ፤ አንዱ ባንክ ዘንድ የተበላሸው ሌላው ዘንድ ይታያል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር እንደተበላሸ ይቆጠራል። ተበዳሪው እንዳይከፍል ያደረገው ምክንያት ካለ ቀኑ ሳያልፍ ቀርቦ መናገርና የመክፈያ ጊዜ ማስረዘም መዝገቡን ያተርፈዋል።

መከልከል ሁልጊዜ የአመልካቹ ጥፋት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የዋጋ ንረትን ለማርገብ የእያንዳንዱ ባንክ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ገደቡ በኋላ ላላ ቢልም፣ ኮታው የሞላበት ባንክ ጥሩ አመልካችንም ይመልሳል። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መልሱ «ቆይተህ ና» ከሆነ ሰነዱን እንደያዙ መጠበቅ ነው።

ወለድ የማይነካውም የራሱ በር አለው። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉት ባንኮች ሙራባሃ በሚባለው ውል ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው፣ ትርፋቸውን በግልጽ ጨምረው፣ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጡለታል። ስለዚህ አመልካቹ ከሻጩ የዕቃውን ፕሮፎርማ ይዞ ይቀርባል። ፕሮፎርማ ላይ የተጻፈ ዋጋ የሚጸናው ለተወሰነ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ወረቀት ሁሉ ከተሟላ በኋላ ማስጻፉ ይሻላል።