ያገለገለ የጎልፍ ዌጅ

ዌጅ በጎልፍ ጨዋታ ኳስን ከአጭር ርቀት ከፍ አድርጎ ለመምታት የሚያገለግል የብረት ዱላ ነው። ፊቱ ከሌሎቹ የብረት ዱላዎች ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ኳሱ ሽቅብ ይነሣል፤ ሲያርፍም ብዙ አይንከባለልም። ዌጅ አሸዋና አፈር ደጋግሞ ስለሚመታ ከብዙዎቹ ዱላዎች ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ያገለገለ ዌጅ የሚገዛ ሰው ከማብረቅረቁ ይልቅ የፊቱን ቦዮችና የታችኛውን ክፍል ማየት ይኖርበታል።

ዓይነቶች

ዌጆች የሚለዩት በፊታቸው ዝንባሌ (ሎፍት) ሲሆን ይህም በዲግሪ ይለካል።

• ፒቺንግ ዌጅ፦ ከ44 እስከ 48 ዲግሪ ገደማ
• ጋፕ ዌጅ፦ ከ50 እስከ 52 ዲግሪ
• ሳንድ ዌጅ፦ ከ54 እስከ 58 ዲግሪ
• ሎብ ዌጅ፦ ከ58 ዲግሪ በላይ

ሳንድ ዌጅን ያስፋፋው አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ሲያሸንፍ ተጠቅሞበታል።

በደንቡ መሠረት አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ በሁለት ዌጆች መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ይመረጣል። ፒቺንግ ዌጅ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ዱላዎች ስብስብ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለጀማሪ ቀጥሎ የሚያስፈልገው 54 ወይም 56 ዲግሪ የሆነ ዌጅ ነው።

ባውንስና የሜዳው አፈር

ባውንስ የዌጁ የታችኛው ክፍል ከፊተኛው ጠርዝ ወደ ታች የሚወርድበት ማዕዘን ነው። ዱላው መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያደርገው ይህ ነው። እስከ 6 ዲግሪ ያለው ዝቅተኛ፣ ከ7 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከፍተኛ ይባላል። በብዙ ዌጆች ላይ ቁጥሩ ከሎፍቱ ጎን ተቀርጾ ይገኛል።

ለደረቅና ጠንካራ መሬት ዝቅተኛ ባውንስ፣ ለእርጥብ መሬትና ለልል አሸዋ ከፍተኛ ባውንስ ይስማማል። በአዲስ አበባ መሬቱ በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ደግሞ ይደርቃል፤ አንድ ዌጅ ብቻ የሚገዛ ሰው መካከለኛውን ቢመርጥ በሁለቱም ወቅት ያገለግለዋል።

ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

ቦዮች፦ ጥፍርን ከላይ ወደ ታች በፊቱ ላይ ማሳለፍ ቀላል መፈተኛ ነው። ጥፍሩ በየቦዩ ከያዘ ደህና ነው፤ ተንሸራቶ ካለፈ ግን ቦዮቹ አልቀዋል፣ ኳሱም በቂ ሽክርክሪት አያገኝም። በፊቱ መሐል የሳንቲም ያህል የተላጨ ቦታ ካለ ዌጁ ብዙ አገልግሏል ማለት ነው።

ዝገት፦ አንዳንድ ዌጆች ሲሠሩ ጀምሮ ሽፋን ስለሌላቸው ይዝጋሉ፤ ይህ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ዝገቱ ቦዩን ከበላው ግን መተው ይሻላል።

ዘንግ፦ በዓይን አቅጣጫ ይዞ ሲታይ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ዱላው ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ራሱ ከዘንጉ ጋር በደንብ አልተጣበቀ ይሆናል።

መያዣ፦ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ሊቀየር ይችላል፤ ወጪው ግን ከዋጋው ላይ መታሰብ አለበት።

የተሳሉ ቦዮች፦ ያለቀ ቦይን በመሣሪያ ማሳል ይቻላል፤ ሆኖም ስፋቱና ጥልቀቱ ከደንብ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለሚመረቱ ዱላዎች የቦይ ደንብ ጠብቋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ዌጅ በከፍተኛ ውድድሮች ሊከለከል ስለሚችል፣ ለውድድር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አዘጋጁን መጠየቅ አለበት።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ፦ የተዛነፈ ጽሑፍ፣ ያልተስተካከለ ቀለምና ከገበያው እጅግ የወረደ ዋጋ ጥርጣሬን ይጠራሉ።

በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ የሚገኘው በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ፣ ከልደታው አብነት በስተደቡብ ምዕራብ ነው። አብነት ለመርካቶም ቅርብ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ባገለገሉ ዕቃዎችና በብረታ ብረት ይታወቃል። ሻጩ ጎልፍን የማያውቅ ሲሆን ዋጋ የሚጠራው በመልኩ ነው፤ የተወለወለ ነገር ግን ያለቀ ዌጅ ውድ፣ የዛገና ቦዩ ደህና የሆነ ዌጅ ርካሽ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የሚሸጥ ከሆነ ቀብድ ከመስጠት በፊት የፊቱን፣ የታችኛውን ክፍልና የዘንጉን መጋጠሚያ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ መጠየቅ፣ ከተቻለም በአካል ማየት ይመረጣል። ቀኝ ወይም ግራ እጅ መሆኑም መጣራት አለበት።

ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስም ከቆላ ይልቅ ይርቃል። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር የሚጻፉ የርቀት ሠንጠረዦች እዚህ በትክክል አይሠሩም። ገዢው ዌጁን ከመግዛቱ በፊት ጥቂት ኳስ መትቶ የራሱን ርቀት ቢለካ፣ ከሌሎቹ ዱላዎቹ ጋር መስማማቱን ያውቃል።