ቅጥያውን ማን ይመዝግበው?

ነባር ቤት ለመመዝገብ ሜትር ይዤ ስገባ ቶሎ ዓይኔን የሚስበው ቅጥያው ነው፦ ከበረንዳ የተቀነሰች ማድ ቤት፣ ሳሎኑን ለሁለት የከፈለ ኮምፔርሳቶ፣ ከጓሮው አጥር ጋር የተጠጋ የጭቃ ቤት። በሙያችን ልማድ እነዚህ የሚቆጠሩት ከጉዳት ነው። ካዛንቺስን ግን ያለ ቅጥያው ማንበብ አይቻልም።

ለሰፈሩ ስሙን ያተረፉለት ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ናቸው። «ወራሪ የሠራው ምኑ ቅርስ ነው?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን ኋላ በተጨመረው ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ግቢው የቀበሌ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበውን ክፍል ብዙዎች ተካፈሉት። ያ ኮምፔርሳቶ የዚህ ዘመን ሰነድ ነው።

እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በሌላ መንገድ ታሪካዊ ሆነ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ሕንጻ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረትበት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ታሪካዊ ያደረገው ዕድሜው አይደለም። ክብሩ ከዚያ ጉባኤ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እድሳቱ የዚያን ጊዜ መልኩን መከተሉ ያስኬዳል። የካዛንቺስ ቤት ወደ መጀመሪያው መልኩ ይመለስ ቢባል ግን የሚተርፈን የወራሪው ንድፍ ነው፤ የኛ ሰው የኖረበት ሰማንያ ዓመት ይፋቃል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አዳራሹ ታድሶ ሲከፈት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ይፈርስ ነበር። በሚያፈስ ጣሪያና በጋራ ሽንት ቤት ለኖረ ሰው «ለቅርሱ ስትል እዚያው ቆይ» ማለት አይገባም። ነዋሪው የተሻለ ቤት ማግኘቱና የለቀቀው ቤት መመዝገቡ ግን አይጋጩም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ከስሙ ጀምሮ ጥናትን ከጥበቃ አስቀድሟል።

ሌላ ነባር ሰፈር ከመነሣቱ በፊት እንግዲህ ልኬቱ ቤት ለቤት መሆኑ ቀርቶ ግቢ ለግቢ ይሁን። በንድፉ ላይ የየዘመኑ ጭማሪ በየቀለሙ ይለይ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀጠለው ነዋሪው ሳይበተን ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ አንዱ ግቢ ከነጭቃ ቤቱ ይቆይ አይቆይ ብለን ስንከራከር፣ የምንከራከርበት ማስረጃ በእጃችን ይኖራል።