ታናሽ ወንድምዎን ለየትኛው ትምህርት ቤት ይሰጡታል?

አንባቢ ሆይ! ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥተው በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ሆነው የሚኖሩ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን ከአባትዎ እንዲህ ያለ መልእክት ሊደርስዎት ይችላል። «ልጄ፣ ታናሽ ወንድምህን ትምህርቱ አልገባው አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዞ ቢመላለስ ዛሬም ስሙን አስተካክሎ አይጽፍም። በጎቹን ሲጠብቅ ግን አንዲት አትጠፋውም፤ የሰማውንም ተረት ሳያጎድል ይደግመዋል። እኔ አልሆነልኝም፤ አንተ የተማርኸው ውሰድና መላ ፈልግለት።»

ይህ ከባድ አደራ ነው። ብዙዎቻችን አደራውን የምንቀበለው ስለ ነገሩ ምንም ሳናውቅ ነው። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም የራሴ ጥፋት ነው።

በማስተማር ሥራ በተሰማራሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በዘጠነኛ ክፍል አንድ ተማሪ ነበረኝ። በቃል ስጠይቀው ከሁሉ ቀድሞ ይመልሳል። በጽሑፍ የፈተንሁት ዕለት ግን በወረቀቱ ላይ የሚነበብ ነገር አጣሁ። ፊደሉ የተለዋወጠ፣ ቃሉም ግማሽ በግማሽ የተዋጠ ነበር። «ሰነፍ ነህ! ምላስህ እንጂ እጅህ አይሠራም» ብዬ ወረቀቱን ለጓደኞቹ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ክፍሉ ሣቀ። ልጁ በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም።

ከዓመት በኋላ ታላቅ ወንድሙ፣ በአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ የሆነው፣ ወደ እኔ መጣ። ሊወቅሰኝ የመጣ መስሎኝ ደነገጥሁ። እርሱ ግን፣ «መምህር፣ የመጨረሻው ወንድማችንም እንደዚያኛው ሆነ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፊደል አልያዝ አለው። በከተማ ጥቂት ልጆች ብቻ ይዞ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አለ ይሉኛል። ደመወዜን ቆጥቤ ልላከው ወይስ ገንዘቤን ውሃ ይበላዋል?» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አንብቤና ጠይቄ ያገኘሁትን ነው ለእርስዎም የማካፍልዎት።

በመጀመሪያ ነገሩ ስንፍና አለመሆኑን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ አስተዋይ ነው፤ በሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ዓይኑም ጤነኛ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ተምሮ ማንበብ አቃተው፤ የገዛ ስሙን እንኳ ፊደሉን አዛውሮ ይጽፍ ነበር። አስተማሪው፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው እርሱ እንደ ነበር መስክሮለታል። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል። ከቤተሰብ የሚወረስበት ጊዜም ብዙ ስለ ሆነ፣ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ችግር ቢገጥማቸው የሚያስገርም አይደለም።

የእኛም ፊደል ለእንዲህ ያለ ልጅ ቀላል አይደለም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» መልካቸው ተለያይቶ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ «ደ» እና «ጀ»፣ «ተ» እና «ቸ» ደግሞ ድምፃቸው ተለያይቶ መልካቸው በአንዲት ጭረት ብቻ ይለያል። ጤነኛ አእምሮ ያለው ልጅ በዚህ መካከል ቢጠፋ፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል እንጂ ዱላ አያስፈልገውም።

አንባቢ ሆይ፣ አገራችን ይህን ፈጽሞ አታውቀውም ማለት አይቻልም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተልሔም አገር ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ በየክፍሉ አይደረደርም። የኔታ እያንዳንዱን በየደረጃው፣ አንዱን ከፊደል፣ አንዱን ከአቡጊዳ፣ አንዱን ከዳዊት ያስቀጽሉታል። ቀድሞ ያወቀው የኋለኛውን ያስጠናል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርት ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ዓይነ ስውሩም ንባብ የሚከብደውም ከሌላው እኩል ይማራል። እርግጥ ነው፣ አለንጋውና ኩርኩሙም አብሮ ነበረ፤ በእርሱ ተማሮ የኮበለለው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም በየደረጃው ማስተማርና በጆሮም ጭምር ማስተማር የሚባሉት ሁለት ቁም ነገሮች ከባሕር ማዶ የመጡብን አዲስ ነገሮች አይደሉም። ዛሬ ጥሩ የሚባለው አነስተኛ ትምህርት ቤት የሚሠራውም ይህንኑ፣ ያለ አለንጋ፣ ነው።

ይሁን እንጂ የማንበብ ችግር ብቻ አይደለም ያለው። አንዳንዱ ልጅ ማሰብና መናገር ይዘገይበታል፤ አንዳንዱ ኦቲዝም የሚባለው አለበት፤ ከሰው ጋር መግባባት ይከብደዋል፤ ድምፅ ወይም ብርሃን ያስጨንቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለበትም፤ የማይማረው ጥቁር ሰሌዳው ስለማይታየው ወይም ጆሮው ስለማይሰማ ነው። አማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመፈለግዎ በፊት ወንድምዎን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። በመነጽር ወይም በመድኃኒት የሚድነውን ነገር በትምህርት ቤት ለውጥ አይፈውሱትም።

በአገራችን እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚቀበል የግል ቤት እንዴት እንደ ተጀመረ ለመረዳት የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ወይዘሮ ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ማስተማሪያ ከፍተው ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበት በየትምህርት ቤቱ በር ሲመላለሱ የሚቀበላቸው አጡ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው አቋቋሙ። ድምፅን ከፊደል እያዛመደ የሚያስተምር፣ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ እንዳይደብቁ በየአደባባዩ ሲናገሩ ኖሩ። ከእርሳቸው በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ጥረት ተቋቁሟል። እነዚህ ቤቶች የተነሡት በትልቅ ካፒታል ሳይሆን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ለልጁ ቦታ በማጣቱ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ታዲያ ከነዚህ በኋላ የሚከፈተው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በግድግዳው ላይ አንበሳና ቀጭኔ የተሣለበት፣ በመግቢያው የእንግሊዝኛ ስም የተጻፈበት ቤት ሁሉ ትምህርት ቤት አይምሰልዎት። ያ መዝገብ ያዥ ወዳጄ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ በወረቀት ጽፌ የሰጠሁት ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ።

አንደኛ፣ አንድ አስተማሪ ስንት ልጆች ይይዛል? በአንድ ክፍል ሃምሳ ልጅ ካለ፣ የግል መሆኑ ለወንድምዎ ምንም አይጠቅመውም።

ሁለተኛ፣ የሚያስተምረው ማን ነው? በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ ሰው አለ ወይ? ዛሬ ይህን ሙያ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚያስተምሩ ጥያቄው የድፍረት ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አንድ ጧት ሙሉ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ማየት ይፈቀዳል ወይ? በቢሮ ሻይ አጠጥቶ ክፍሉን ከማያሳይ ቤት ይሽሹ። ገብተው ሲያዩም ልጁ በሚሳሳትበት ጊዜ አስተማሪው ምን እንደሚያደርግ ብቻ ይመልከቱ። ትምህርት ቤቱን የሚያውቁት በዚያች ቅጽበት ነው።

አራተኛ፣ ልጁ ወደፊት ወዴት ይሄዳል? ጥሩ ቤት ልጁን ለዘለዓለም ለይቶ አያስቀምጥም፤ ሲበረታ ከሌሎች ጋር ወደሚማርበት ክፍል ያሸጋግረዋል፤ ወይም እጁን ሙያ ያስይዘዋል።

አምስተኛ፣ ምን ቃል ይገባሉ? «በሦስት ወር እናድነዋለን» የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ኦቲዝምን ወይም ዲስሌክሲያን የሚነቅል ትምህርት ቤት የለም። ሐቀኛው አስተማሪ የሚለው «በዚህ ወር ይህን ያህል እንሞክራለን፤ በወሩ መጨረሻም የሆነውን እንነግርዎታለን» ነው።

ስድስተኛ፣ ከትምህርት ቢሮ ፈቃድ አለው ወይ? ክፍያውስ ምን ምን ያጠቃልላል?

ወዳጄ ሁለት ቤቶች አየ። አንደኛው ባለ ፎቅ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ክፍያውን ነገሩት፤ ክፍል መግባት ግን አይፈቀድም አሉት። ሁለተኛው የኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ ወንበሩ ያረጀ። ግን ልጆቹ አሥራ አራት፣ አስተማሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዲት ሴት ልጅ በሰፌድ ላይ በተነጠፈ አሸዋ «ደ» ልትጽፍ ፈልጋ «ጀ» ጻፈች። መምህርቷ አልተቆጣቻትም። አሸዋውን በመዳፏ አስተካክላ፣ «እስቲ እንደገና፤ አሁን ድምፁን እያልሽ ጻፊው» አለቻት። ልጅቱ አራት ጊዜ ጽፋ በአምስተኛው አገኘችው። ወዳጄ ከዚያ ወጥቶ በስልክ ሲነግረኝ፣ «መምህር፣ የቀሩትን ጥያቄዎች የጠየቅሁት ለወጉ ያህል ነው» አለኝ።

ነገር ግን ሁሉ ሰው ልጅን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ማኖር አይችልም። ርቀቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጁም የእናቱ ናፍቆት አለ፤ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሣው ግጭትም መንገድ አስፈርቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም አዘግቷል። ለማይችለው ሰው የምለው አለኝ። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ትቶ አይለፈው። የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኋላም በ2012 ያወጣው ስትራቴጂ እንዲህ ያሉ ልጆች ከሌሎች ጋር በአካቶ እንዲማሩ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ትምህርትን መብት ያደርገዋል። ስለዚህ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን መጠየቅ ልመና አይደለም። አስተማሪውንም «ወንድሜን ከፊት ያስቀምጡልኝ፤ በቃልም ይፈትኑልኝ» ማለት ይቻላል። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ የሚጠይቀው የአስተማሪውን በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

በጎ ፈቃዱ ስላልነበረኝ ያጠፋሁትን እኔ አውቃለሁ። ዛሬ በእኔ ክፍል በጽሑፍ የወደቀ ልጅ ሁሉ ውጤቱ ከመመዝገቡ በፊት በቃል ይጠየቃል። ጊዜ ይወስዳል፤ ባልደረቦቼም አንዳንዴ ይሥቁብኛል።

ትንሹ ልጅ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው የገና በዓል ለእናቱ አራት መስመር ደብዳቤ ጽፎ ላከ፤ ሁለት ቃል ተሳስቷል። እናቲቱ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበበላቸው ታላቁ፣ ማለት ያ እኔ ያሣቅሁበት ልጅ፣ ነው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ አነበበው አሉኝ። እርሱ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ይቅርታ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አክብሮ ቡና አስፈላልኝ፤ ስለ ትምህርት ግን ምንም አልተናገረም። ሦስተኛ ጊዜ መሄዴ አይቀርም።

አንባቢ ሆይ፣ የአባትዎ መልእክት ሲደርስዎት አይዘግዩ።